መስመር ተይዟል

ከሌሊቱ አሥራ አንድ፤ ደብረ ብርሃን ውርጭ፤
የቆርቆሮው ጠርዝ በነፋስ ሲያፏጭ፣
እናቴ ትነሣለች ገና በጨለማ፣
ሲሚንቶው ወለል ላይ በባዶ እግሯ ቆማ
የሌለ ገመድ መዝዛ ከሌለ ቀዳዳ
ትሰካለች ቶሎ፣ በባዶ ግድግዳ።
«ሃሎ፣ ደብረ ሲና! ሃሎ፣ ደብረ ሲና!
አዲስ አበባ ነው፤ መስመር ክፈትና!»

ማንያህልሻል ናት፤ የቴሌዋ እመቤት፣
ሃያ ዘጠኝ ዓመት ማዞሪያ የበላባት።
የመሐል ሜዳውን፣ የአንኮበሩን ቁጥር፣
የብርድ ልብስ ፋብሪካውን፣ የእስር ቤቱን ጭምር፣
ያለ መዝገብ ነበር ከአፏ የሚወጣ፤
ማን ለማን ሲደውል፣ ማን በማን ሲቆጣ፣
የማን ልጅ እንደሞተ ቀድማ እየሰማች፣
አንድ ቃል ሳያመልጣት በጡረታ ወጣች።
ያ የሰውን ምሥጢር ያኖረ ጭንቅላት፣
ዘንድሮ ኅሩይ ማለት፣ ሦስት ፊደል፣ ከበዳት።

ጥላዬ ትለኛለች።
ጥላዬን አላውቀው፤ እሷም መልኩን አታውቅ፤
ከጣርማ በር ማዶ፣ ከጉሙ ሥር ዝቅ
ብሎ የሚመጣ የኦፕሬተር ድምፅ ነው፤
ከስሜ ይልቅ እሱ ጆሮዋ ላይ ያደረው።

አዲስ አበባ ገብተን ራሷን ተነሣች፤
ከዚያ ማሽን ጉድጓድ እየሳቀች ወጣች።
ሐኪሟ በብዕሯ ስክሪኑን ጠቁማ፦
«ትዝታ የሚያዘው በዚህች ነው፣ እማማ፤
የባሕር ፈረስ ይሏታል፣ ቅርጿን አይተው።» እናቴ፦
«ፈረስስ አገራችን ሞልቷል፣ እቴ!
ባሕሩን ከየት አመጣሽው፣ በሞቴ?»
ሐኪሟም ሳቀች። እኔ ግን አየኋት፤
ከስታለች ፈረሷ፣ ድርቅ እንዳገኛት።

በኋላ ለብቻዬ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፦
አሚሎይድ የሚሉት ፕሮቲን አለ፣ አለችኝ፤
በነርቭና በነርቭ መሐል እንደ ደለል ይተኛል፤
ታው የሚሉት ደግሞ ከውስጥ ገብቶ የክሩን ውል ያጠፋል፤
ማንም ሳያይ፣ አሥራ አምስት ዓመት፣ ከዚያም በላይ።
አሥራ አምስት ወደኋላ ቆጠርኩ።
የሰርጌ ዓመት ነው።
ድንኳኑ በር ላይ ቆማ
መቶ እንግዳ በየስሙ፣ በየአባቱ ስም ጠርታ ስታስቀምጥ
ደለሉ ሥራ ጀምሮ ነበር።

መድኃኒትም ተገኝቷል፤ በደም ሥር ይገባል፤
ከባሕር ማዶ ነው፤ ዋጋው ያስደነግጣል።
ደለሉን ይጠርጋል፤ በሽታውን አያድንም፤
ያዘገያል እንጂ፤ ወራት ቢጨምርም
ገና ለጀመረው ነው። «ለእሷ መሽቷል» አለች።
«በደም ጠብታ መለየት ተጀምሯል፤ ላንተ ግን…» ብላ አልጨረሰች።
«ወራት ብቻ?» አልኳት፤
ከንፈሬ እየደረቀ። ዝም አለች፤ አልፈረድኩባት።

ስንመለስ፣ ጫጫን እንዳለፍን፣ ሚኒባሱ ውስጥ፣
እጇን ጨብጣ ከጆሮዋ አስጠግታ፦
«ሦስት ደቂቃዎ አልቋል፤ ይቀጥላሉ ወይስ ልቁረጥ?»
አለች ለማላየው ሰው፣ በዚያ በድሮ ዝግታ።
ያኔ ትዝ አለኝ፤ ልጅ ሆኜ፣ ከማዞሪያው ቤት ደጅ፣
ከመንዝ የመጣች ባልቴት፣ አሥመራ ዘምቶባት ልጅ፣
እንቁላል የሸጠችበትን ሳንቲም በመሐረቧ ቋጥራ፦
«ጨምሪልኝ» ትላት ነበር፣ ደግማ፣ ደጋግማ፣ ደፍራ።
ሦስት ደቂቃ ነው፤ ልጇን ከጦር ሜዳ አይመልስም።
ግን «ሦስት ብቻ?» ብላ ስትሄድ አላየሁም።
ስለ ገብሱ ታወራው ነበር። ስለ ዝናቡ። ስለ አንዲት በግ።

እና አሁን፣ በውርጩ፣ ጋቢዬን ደርቤ እነሣለሁ።
«ሃሎ፣ ደብረ ሲና!» ስትል
«ደብረ ሲና ነኝ፤ ይሰማል» እላታለሁ።
አንዳንድ ቀን ታገናኘኛለች፤
ከማን ጋር እንደሆነ ሳልጠይቅ አወራለሁ፤
ስለ ፍራንኩ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ባሕር ፈረሷ።
አንዳንድ ቀን ግን ገመዱን ትነቅልና፦
«መስመር ተይዟል፣ ጥላዬ፤ ቆይተህ ሞክር።»

እሺ እላታለሁ።
ቆይቼ እሞክራለሁ።